አብራሪው በቀን ስንት ጊዜ ይነሣል? በጦርነት ጊዜ የአየር ምድብ ውሎ

ጥያቄ፦ «ባለ ሁለት መቀመጫ ተዋጊ ጄት ላይ ስለሚሠሩ ሁለት መኮንኖች ረጅም ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። በታሪኩ ውስጥ ሁለቱ ለሦስት ሳምንታት በቀን አምስት ጊዜ እየተነሡ ይዋጋሉ፤ በመካከል ያለውን ጊዜ ኮክፒት ውስጥ ተቀምጠው፣ አንዳንዴም እዚያው እያሸለቡ ያሳልፉታል። በመጨረሻው ምዕራፍ ሳይመለሱ ይቀራሉ። ረቂቁን ያነበበ ወዳጄ ግን ‹አንድ ሰዓት በርሮ ቀኑን ሙሉ የሚያርፍ ሰው ምን ድካም አለበት?› ሲል ነቀፈኝ። ትክክሉ የማን ነው? በጦርነት ጊዜ በአየር ምድብ ውስጥ አንድ ቀን በእርግጥ እንዴት ያልፋል?»

ምላሽ፦ ሁለታችሁም ተሳስታችኋል፤ የተሳሳታችሁበት ምክንያትም አንድ ነው። የአብራሪውን ሥራ የቆጠራችሁት ጎማው ከመንደርደሪያው ከተላቀቀበት ጊዜ አንሥቶ ተመልሶ መሬት እስኪነካ ድረስ ብቻ ነው። እርስዎ ያን ጊዜ በአምስት አባዝተው ጀግና ሠሩበት፤ ወዳጅዎ ያንኑ ጊዜ ከ24 ሰዓት ላይ ቀንሰው ሥራ ፈት አደረጉት። የአየር ምድብን ቀን የሚወስነው ግን አየር ላይ የሚጠፋው ሰዓት አይደለም። የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው አውሮፕላኑን ለቀጣዩ ግዳጅ የሚያዘጋጁት የመሬት ባለሙያዎች ጉልበት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የሰዎቹ እንቅልፍ ነው።

በቁጥሩ ልጀምር። አንድ አውሮፕላን ተነሥቶ ግዳጁን ፈጽሞ እስኪመለስ ያለውን ጉዞ ከዚህ በኋላ አንድ ምልልስ እያልኩ እጠራዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1991 በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ኢራቅን የወጋው በአሜሪካ የሚመራ ጥምር ኃይል በ43 ቀናት ውስጥ ከ100,000 በላይ ምልልስ አድርጓል። ቁጥሩ ብቻውን ሲታይ የእርስዎን ታሪክ የሚደግፍ ይመስላል፤ ለ43 ቀናት ሲካፈል ግን በቀን ወደ 2,300 ገደማ ይሆናል፤ ጥምር ኃይሉ ያሰለፋቸው አውሮፕላኖችም ከ2,000 በላይ ነበሩ። በአማካይ እያንዳንዱ አውሮፕላን በቀን የተነሣው አንድ ጊዜ ገደማ ነው ማለት ነው። ይህ በዓለም እጅግ ሀብታም የሆኑት አየር ኃይሎች፣ መለዋወጫና ነዳጅ ሳይጎድልባቸው ያስመዘገቡት ውጤት መሆኑን ልብ ይበሉ።

በሌላው ጫፍ የሚጠቀሰው የእስራኤል አየር ኃይል እ.ኤ.አ. ሰኔ 5 ቀን 1967 ያደረገው ዘመቻ ነው። በዚያ ዕለት የመሬት ባለሙያዎቹ የተመለሰውን አውሮፕላን በአሥር ደቂቃ ገደማ ውስጥ ነዳጅ ሞልተውና አስታጥቀው እንደገና ይልኩት ስለነበር፣ አንዳንዱ አውሮፕላን እስከ አራት ጊዜ ተነሥቷል። ይህ የተቻለው ግን ዒላማዎቹ ቅርብ ስለነበሩ፣ ሰዎቹ ያንኑ አንድ ዕቅድ ለዓመታት ስለተለማመዱትና ጦርነቱ በስድስት ቀን ስላለቀ ነው። አንድ ምድብ እንዲህ ባለ ጥድፊያ ሲሠራ የነገውን ጉልበት ዛሬ ይበደራል። ጊዜው የደረሰው ምርመራ ለነገ ይተላለፋል፣ መጋዘን ያለው ጎማ ያልቃል፣ አንደኛው አውሮፕላን ለሌላው መለዋወጫ እየተፈታ ይቆማል፣ ሰዉም እንቅልፉን ይሸጣል። ይህ ዕዳ ለጥቂት ቀናት ሊጠራቀም ይችላል፤ ሦስት ሳምንት ግን አይቆይም፤ የእርስዎ ታሪክ የሚሰበረውም እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ መሬቱ እንውረድ፤ ረቂቅዎ ጨርሶ ያልጎበኘው ቦታ ይህ ይመስለኛል። አውሮፕላኑ ወደ ማቆሚያው ገብቶ ሞተሩ ሲጠፋ በመጀመሪያ የሚጠጋው የአውሮፕላኑ ኃላፊ መካኒክ ነው። ከጎማዎቹ ሥር መወተፊያ ይደረጋል፤ ፍሬኑ ገና የጋለ ስለሆነ ወደ ጎማው የሚጠጋ ሰው ከጎኑ አይቀርብም። ቀይ ጨርቅ የተንጠለጠለባቸው የደኅንነት ፒኖች በመሣሪያዎቹና አብራሪውን ወደ ውጭ በሚወረውረው መቀመጫ ላይ ይሰካሉ። ከዚያ መካኒኩ የእጅ ባትሪውን ይዞ ወደ አየር ማስገቢያው ውስጥ በሆዱ ይሳባል። የሞተሩን የፊት ምላጮች አንድ በአንድ ያበራባቸዋል፤ ዓይኑ የተጠራጠረውን በጣቱ ጫፍ ጠርዝ ጠርዙን ይዳስሰዋል። የሚፈልገው የጥፍር ያህል እንኳ የማይሆን ስንጣቂ ነው፤ ይህ ስንጣቂ ካመለጠው ሞተሩ በሚቀጥለው በረራ ሊፈነዳ ይችላል። ይህን የሚያደርገው በቀትር የጋለ ብረት ላይ ወይም በሌሊት በደብዛዛ ብርሃን ነው፤ በጦርነት ጊዜ የተለመደው የሥራ ፈረቃ 12 ሰዓት ስለሆነም አንዳንዴ በአሥራ አንደኛው ሰዓቱ ላይ ነው።

በዚሁ ጊዜ ነዳጅ ይሞላል፣ ኦክስጅን ይታያል፣ ዘይቱ ይለካል፣ በበረራው ላይ የተቀዳው መረጃ ይወሰዳል። ትጥቅ የሚያስታጥቁት ሰዎች በቡድን ይመጣሉ፤ በብዙ ቦታ አንድ ቡድን ሦስት ሰው ነው፤ እያንዳንዱን እርምጃ የሚሠሩትም ከዝርዝሩ ላይ እያነበቡ ነው። ለዓመታት የሠሩትን ሥራ ከወረቀት ማንበባቸው ለውጭ ሰው ይገርመው ይሆናል፤ ምክንያቱን ለመረዳት ግን እ.ኤ.አ. ግንቦት 16 ቀን 1965 በቬትናም ቢየን ሆዋ አየር ምድብ የደረሰውን ማስታወስ ይበቃል። በቆመ አውሮፕላን ላይ የነበረ ቦምብ ጠላት ሳይነካው ፈንድቶ ጎረቤቶቹን አቀጣጠለ፤ ከ20 በላይ ሰዎችም ሞቱ። በአየር ምድብ ውስጥ ሞት ሁልጊዜ ከሰማይ አይመጣም። ስለ መሬቱ አደጋ ካነሣሁ አይቀር፣ ማለዳ ማለዳ ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ተሰልፈው አንገታቸውን ደፍተው የአውሮፕላን መተላለፊያውን ሲያስሱ የሚያሳይ ትዕይንት ቢያስገቡ እመክራለሁ። የሚለቅሙት ጠጠር፣ ብሎንና ሽቦ ነው፤ ሞተሩ ከመሬት የሚስበው አንድ ጠጠር አውሮፕላኑን ከሥራ ውጭ ሊያደርገው ይችላልና። የሶቪየቱ ተዋጊ ጄት የሚግ-29 ንድፍ አውጪዎች ይህን አደጋ እጅግ ስለፈሩት፣ አውሮፕላኑ መሬት ላይ ሲንቀሳቀስ ዋናው አየር ማስገቢያ በመዝጊያ ተከልሎ ሞተሩ ከላይ በኩል እንዲተነፍስ አድርገውታል።

የዝግጅቱ ፍጥነት በአውሮፕላኑ ንድፍም ይወሰናል። የስዊድኑ ተዋጊ ጄት ግሪፐን ከመጀመሪያው የታሰበው በአውራ ጎዳና ላይ አርፎ፣ አንድ ባለሙያና አምስት ብሔራዊ ግዴታቸውን የሚወጡ ወጣቶች በአሥር ደቂቃ ገደማ ለአየር ለአየር ውጊያ እንዲያዘጋጁት ተደርጎ ነው። ከባድና የቆየ ባለ ሁለት መቀመጫ ጄት ግን ከባድ ቦምብ ሲጫንበት ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ የታሪክዎ አውሮፕላን ምን ዓይነት እንደሆነ ሳይወስኑ የምልልሱን ቁጥር አይወስኑ።

ወደ ሁለቱ መኮንኖች ልመለስ፤ የወዳጅዎ ስሕተት የሚታየውም እዚህ ነው። መነሻው ከቀኑ 6 ሰዓት ነው እንበል። ሰዎቹ የስኳድሮኑ (የበረራ ክፍላቸው) ጽሕፈት ቤት የሚደርሱት አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ቀደም ብለው ነው። የአየሩ ሁኔታ፣ የጠላት ራዳርና ሚሳይል ያለበት ቦታ፣ የሬዲዮ ሞገዶች፣ የነዳጅ ስሌት፣ አንድ ሞተር ቢጠፋ የሚታረፍበት ሜዳ፣ ቢመቱ የሚሸሹበት አቅጣጫ፣ ይህ ሁሉ በገለጻ ይታያል። ከዚያ በሆድና በእግር ላይ የሚታሰረውን ጫና መከላከያ ልብስ ይለብሳሉ፤ የኦክስጅን ጭንብሉን ይፈትሻሉ። በመጨረሻም ኪሳቸውን ያራግፋሉ። የኪስ ቦርሳ፣ ደብዳቤ፣ የልጅ ፎቶግራፍ፣ የስኳድሮኑ ምልክት ሳይቀር ወልቆ በየስማቸው በተጻፈ ከረጢት ይገባል፤ ቢማረኩ መርማሪው የሚይዝባቸው ክር እንዳይኖር ነው። የሚቀራቸው ስም፣ ማዕረግ፣ ቁጥርና የልደት ቀን የያዘ መታወቂያ ነው። በሌላ ቦታ በምስጢር የተቀመጠ አንድ ወረቀትም አለ፤ እያንዳንዱ በገዛ እጁ የጻፋቸው፣ ከእሱ በቀር ማንም የማያውቃቸው የግል ትዝታዎች አሉበት። ከወደቀ በኋላ በሬዲዮ የሚጠራው ሰው በእርግጥ እሱ መሆኑን አዳኞቹ የሚያረጋግጡት ከዚያ እየጠየቁ ነው።

ከበረራው በኋላም ሥራው አያልቅም። የተበላሸውን ለመካኒኩ ይናገራሉ፤ ያዩትን ለመረጃ መኮንን ያስረዳሉ፤ ከዚያ ግምገማ ይቀመጣሉ። በደንብ በሚመራ ስኳድሮን ግምገማው ከበረራው ይረዝማል፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ማዕረግ አይሠራም፣ መቶ አለቃው የሻለቃውን ስሕተት ፊት ለፊት ይነግረዋል። እንግዲህ አንድ ሰዓት ተኩል የፈጀችው በረራ ሰባት ስምንት ሰዓት በላች ማለት ነው። ሁለተኛው ምልልስ በአጭር ገለጻ ቢከተል ቀኑ 12 ሰዓት ይሞላል። በአሜሪካ አየር ኃይል ደንብ ለእንደዚህ ያለ አነስተኛ ተዋጊ አውሮፕላን የተፈቀደው የሥራ ቀንም ከዚህ አይበልጥም፤ ከቀጣዩ ሥራ በፊት የ12 ሰዓት ዕረፍት ይሰጣል፣ በውስጡም ያልተቋረጠ የ8 ሰዓት እንቅልፍ ዕድል መኖር አለበት። በጦርነት አዛዡ ደንቡን ሊያላላው ይችላል፤ የሰውን ሥጋ ግን ሊያላላ አይችልም።

ሥጋው ላይ የሚደርሰውን ደግሞ እንመልከት። አውሮፕላኑ በኃይል ሲታጠፍ የሰው ክብደት እስከ ዘጠኝ እጥፍ ይደርሳል። ጭንቅላትና የራስ ቁር አንድ ላይ ስድስት ሰባት ኪሎ ቢሆኑ፣ በዚያ ቅጽበት አንገት የሚሸከመው ወደ 60 ኪሎ ነው። ደም ወደ እግር ስለሚሸሽ፣ ሰውየው የጭኑንና የሆዱን ጡንቻ ጨምድዶ፣ ትንፋሹን በየሦስት ሰከንዱ እየቆረጠ ካልታገለ መጀመሪያ ዓይኑ ይጨልማል፣ ቀጥሎም ራሱን ይስታል። የኋላ መቀመጫው መኮንን ዕጣ ደግሞ የባሰ ነው። መሪውን የያዘው አብራሪ መታጠፊያውን ራሱ ስለሚያመጣው አስቀድሞ ይዘጋጃል፤ የኋላው ሰው ግን አንገቱን ደፍቶ ራዳሩን ሲያይ ወይም ወደ ኋላ ዞሮ ጠላትን ሲፈልግ ጫናው በድንገት ይወርድበታል። የአንገት ሕመም በሁለቱም ላይ ይኖራል፤ በእሱ ግን ይበረታል። በታሪክዎ ሁለቱ እኩል ደክመው ከወረዱ፣ ይህን ልዩነት አላዩትም ማለት ነው።

አንድ ትንሽ ነገርም ልጨምር። ኮክፒት ውስጥ መሽናት አስቸጋሪ ነው፤ በዚያ ሁሉ ትጥቅ መካከል በከረጢት ነው። ይህን የሚሸሹ ሰዎች ከበረራ በፊት ውኃ አይጠጡም፤ ውኃ ያጣ ሰውነት ደግሞ ያንን ጫና የመቋቋም አቅሙ ይቀንሳል። ጉዳዩ የሚያሳፍር ስለሚመስል ማንም አያወራውም፤ እኔ ግን ከብዙ የጀግንነት ወሬ ይልቅ ይህን በቁም ነገር እመለከተዋለሁ።

ኮክፒት ውስጥ ማሸለብ የሚለውን በተመለከተ፣ ተጠንቀቅ ላይ መሆን ብዙ ደረጃ አለው። የኔቶ አገሮች ለሰማይ ጥበቃ የሚመድቧቸው ጄቶች በ15 ደቂቃ ውስጥ መነሣት ይጠበቅባቸዋል፤ እነዚህ ሰዎች የሚቆዩት ከአውሮፕላኑ መጠለያ አጠገብ ባለ ክፍል፣ የበረራ ልብሳቸውንና ጫማቸውን ሳያወልቁ ነው። ከዚህ የጠበቀው ደረጃ ታጥቆ ኮክፒት ውስጥ መቀመጥ ነው፤ ይህ በተራ በተራ የሚደረግ፣ ሲረዝም ሰውን የሚጎዳ ነገር ነው። መቀመጫው ከሥሩ የነፍስ ማቆያ ዕቃ የታጨቀበት ጠንካራ ነገር ስለሆነ አንድ ሰዓት ሲሞላ ወገብ ይናገራል። እዚያ ያንጎላጀ ሰው ተኝቷል አይባልም፤ ዕረፍት አድርገው እንዳይቆጥሩለት።

የእንቅልፉ ነገር ለእኔ የጥያቄዎ እምብርት ነው። 17 ሰዓት ያህል ነቅቶ የቆየ ሰው የሥራ ብቃቱ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚመሳሰል እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ንጋት ድረስ ያለው ጊዜ ደግሞ የሰውነት ንቃት በተፈጥሮው የሚወርድበት ነው፤ የሌሊት ግዳጅ የሚበዛውም በዚሁ ሰዓት ነው። የሌሊቱ ሰዎች ቀን መተኛት አለባቸው፤ ቀን ግን የሌሎች ጄቶች የሚነሡበት ነው። መስኮት በጨለማ ጨርቅ ይሸፈናል፣ ጆሮ ይደፈናል፣ አልጋው ግን ይንቀጠቀጣል። አንዳንድ አየር ኃይሎች ለረጅም ግዳጅ የሚያነቃ መድኃኒት በሐኪም ቁጥጥር ሰጥተዋል። መድኃኒቱ እንቅልፍን ያዘገየዋል እንጂ አይተካውም። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 17 ቀን 2002 በአፍጋኒስታን ካንዳሃር አቅራቢያ ሁለት የአሜሪካ ኤፍ-16 አውሮፕላኖች በሌሊት ሲበሩ ከመካከላቸው አንዱ በልምምድ ላይ በነበሩ የካናዳ ወታደሮች ላይ ቦምብ ጥሎ አራቱን ገደለ፤ በተከተለው ክስም የአብራሪዎቹ ጠበቆች የመድኃኒቱን ጉዳይ አንሥተዋል። መድኃኒቱ የአደጋው ምክንያት ነው ብዬ አልፈርድም፤ ገጸ ባሕርይዎ ክኒን ውጦ ሦስት ሳምንት ሲዋጋ ግን አልቀበለውም።

ምድቡ ራሱ ዒላማ መሆኑንም አይርሱ። እ.ኤ.አ. በ1967 የግብፅ አየር ኃይል የንጋት ተጠንቀቁን ጨርሶ አብራሪዎቹ ወርደው፣ አዛዦች ወደ ሥራ በመጓዝ ላይ ሳሉ፣ በግብፅ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ45 ላይ ነበር በእስራኤል የተመታው። ጠላት የቆጠረው የየዕለቱን ልማድ ነው። ከዚያ በኋላ በብዙ አገሮች አውሮፕላኖች በወፍራም ኮንክሪት መጠለያ ውስጥ መግባት ጀመሩ። ዛሬ ደግሞ ይህም አይበቃም፤ ዩክሬን እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ጄቶቿን ከሜዳ ሜዳ እያዘዋወረች ነው የምትዋጋው። በእንዲህ ያለ ጦርነት አብራሪው በአየር ደቂቃዎች የሚሄደውን መንገድ መካኒኩ መፍቻውን ጭኖ በመኪና ይከተለዋል፤ የሚተኛውም በደረሰበት ነው። ከዚህ አንድ ማሳሰቢያ ይከተላል፦ ለታሪክዎ በሥራ ላይ ያሉ ሰዎችን ካነጋገሩ የእውነተኛ ምድብ ሰዓት፣ የፈረቃ መለወጫና የማደሪያ ቦታ አይጠይቁ፤ ቢነግሩዎትም አይጻፉት።

እንግዲህ ምን ማድረግ ይችላሉ? በቀን ብዙ ምልልስ ማቆየት ከፈለጉ ጦርነቱን ሦስት ቀን ያድርጉት፣ ዒላማውን ያቅርቡት፣ ቁጥሩንም ወደ አራት ያውርዱት። ሦስቱን ሳምንት ማቆየት ከፈለጉ ደግሞ ለሁለቱ መኮንኖች በቀን አንድ፣ አንዳንድ ቀን ሁለት ምልልስ ይስጧቸው፣ ጨርሶ የማይበሩባቸውም ቀናት ይኑሩ። ሦስተኛው መንገድ አውሮፕላኑና ሰዎቹ እኩል እንዳልሆኑ ማስታወስ ነው፤ ለአንድ አውሮፕላን ከአንድ በላይ የበረራ ቡድን ስለሚመደብ፣ ያው ጄት በቀን ሦስት ጊዜ የተለያዩ ሰዎችን ይዞ ሊነሣ ይችላል። እኔ ያለ ማመንታት የምመክርዎት ሁለተኛውን ከሦስተኛው ጋር አጣምረው እንዲወስዱ ነው። የየምዕራፉን የጊዜ ሰሌዳ ከበረራው ሳይሆን ከእንቅልፉ ይጀምሩት፤ ሰዎቹ የተኙበትን ስምንት ሰዓት መጀመሪያ ያስቀምጡ፣ የቀረውን ከዚያ ወደ ኋላ ይቁጠሩ። መካኒኩንም ከአጃቢነት አውጥተው ሦስተኛው ዋና ሰው ያድርጉት።

የመጨረሻው ምዕራፍ ከሰማይ አይጀምር። አውሮፕላን ሲዘገይ ምድቡ ውስጥ ያሉ ሰዎች ሁሉ ነዳጁ የሚያልቅበትን ደቂቃ ያውቃሉ፤ ያ ደቂቃ ሲያልፍም ወዲያው ተስፋ አይቆረጥም፣ በሌላ ሜዳ አርፎ እንደሆነ በስልክ ይጠየቃል፣ በአየር ላይ ነዳጅ የሚሞላ አውሮፕላን አግኝቶ እንደሆነ ይጣራል። መካኒኩ በዚህ ጊዜ ሁሉ በባዶው ማቆሚያ መሰላሉን ይዞ ይቆያል፤ ፈረቃው አልቆ ተተኪው ቢመጣም የሚያስረክበው ነገር የለም። አውሮፕላኑ እንደጠፋ ሲወሰን የጥገና መዝገቡ ለምርመራ ይታሸጋል። ለበረራ ብቁ ነው ተብሎ የተፈረመበት የመጨረሻው መስመር ላይ ያለው የእሱ ስም ነው፤ እሱም መዝገቡን ሲያስረክብ በዚያ ጠዋት ያበራባቸውን ምላጮች በሐሳቡ እንደገና አንድ በአንድ ይዳስሳቸዋል። ምዕራፉን ከዚያ ቦታ ይጀምሩት።